ሁለት ሥራ፣ አንድ ከግብር ነጻ ጣሪያ፦ በእንግሊዝ አገር አንዲት ተማሪ የተቆረጠባትን የደመወዝ ግብር ያስመለሰችበት ጉዳይ

የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ ከእናቷ ጋር በልጅነቷ ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን የመጣች፣ አሁን በሰሜን እንግሊዝ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ወጣት ናት። ስሟን፣ የዩኒቨርሲቲዋንና የአሠሪዎቿን ማንነት አልጠቅስም፤ ጉዳዩን ለመረዳትም አያስፈልግም። አሃዞቹ ከፔይስሊፖቿ (ከደመወዝ መግለጫዎቿ)፣ ከፒ45 (ሥራ ሲለቀቅ ከሚሰጥ ማስረጃ) እና ከፒ60 (ከግብር ዓመቱ መጨረሻ ማስረጃ) ቅጾቿ የተወሰዱ ናቸው። ቀኖቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የብሪታንያ የግብር ዓመት ኤፕሪል 6 ጀምሮ በተከታዩ ዓመት ኤፕሪል 5 የሚያልቅ በመሆኑ ሌላ አቆጣጠር ብንጠቀም ነገሩ ይምታታል።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በ2025 ጁላይ መጨረሻ ነበር። እናቷ የእኔን የሂሳብ ሥራ ታውቃለችና ልጅቷ የሆቴል ሥራዋን የመጀመሪያ ፔይስሊፕ ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ አደረገች። ከ1,831.50 ፓውንድ ደመወዝ ላይ 366.20 ፓውንድ ለግብር ተቆርጧል። ልጅቷን ያስጨነቃት የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። ባለፈው ዓመትም በዚያው ሆቴል ሠርታ ተመሳሳይ ግብር ስለተቆረጠባት፣ ደንቡ እንደዚያ ነው ብላ ተቀብላው ኖራለች። እናቷም በበኩሏ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት በመምህርነት ስትሠራ ከደመወዟ በየወሩ የተቆረጠው ግብር አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅምና፣ "የመንግሥት ገንዘብ አንዴ ከገባ ገባ ነው፤ ተይው" ብላ መክራት ነበር።

የእናትየዋ ምክር ከባዶ የመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በሠንጠረዥ "ሀ" የሚመደበው ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በየወሩ ለብቻው ይሰላል፤ አሠሪው ቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል፤ የወሩ ሂሳብ በዚያው ወር ይዘጋል። ሰኔ ላይ ከደመወዝ የተቆረጠ ግብር ሐምሌ ላይ ሥራ ፈትቶ በመቀመጥ አይለወጥም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሰው፣ ሦስት ወር ሠርቶ ዘጠኝ ወር ትንሽ ብቻ ያገኘ ሰው በመጨረሻ የተቆረጠው ሁሉ ሊመለስለት ይችላል ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የብሪታንያው ሥርዓት ግን መሠረቱ ዓመቱ ነው። ግብሩ በየደመወዙ ይቆረጣል እንጂ ዕዳው የሚታወቀው የዓመቱ ገቢ ሲደመር ነው። ይህ በ1944 የተጀመረውና ፒ.ኤ.ዋይ.ኢ. የሚባለው አሠራር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አሠሪውን እንደ ሰብሳቢ አድርጎ ሲጠቀም ቆይቷል፤ ልብ የሚባለው ነገር አሠሪው የሚያውቀው በእርሱ ዘንድ የተከፈለውን ብቻ መሆኑ ነው።

በፔይስሊፑ ላይ የነበሩት ሁለት ፊደላት

ልጅቷ በላከችው ፎቶ ላይ፣ ከስሟና ከናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ቁጥሯ አጠገብ፣ "ታክስ ኮድ" (አሠሪው ስንት ግብር እንደሚቆርጥ የሚነግር ምልክት) በሚለው ርዕስ ሥር ሁለት ፊደላት ብቻ ተጽፈዋል፦ ቢአር። ለዚህ ኮድ የተመደበ ደመወዝ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ 20 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ከግብር ነጻ የሆነው ጣሪያ በሌላ ሥራ ላይ ተይዟል ተብሎ ይታሰባልና። ጣሪያው በዓመት 12,570 ፓውንድ ሲሆን ከ2021 ኤፕሪል ጀምሮ ሳይለወጥ ቆይቷል። ይህን ጣሪያ በሙሉ የሚሰጠው ኮድ 1257ኤል ይባላል።

ታዲያ የልጅቷ ጣሪያ የት ሄደ? በአንድ የቡና መሸጫ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከ2024 ፌብሩዋሪ ጀምሮ በትምህርት ወቅት በሳምንት ወደ 12 ሰዓት ገደማ እዚያ ትሠራለች። ውሏ ዜሮ አወር ኮንትራት ነው፤ አሠሪው ሰዓት ሲኖረው ይሰጣታል፣ ከሌለው አይሰጣትም፣ ውሉ ግን አይቋረጥም። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ከተማው ከተማሪ ባዶ ስለሚሆን ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ቡና መሸጫው ሰዓት አይሰጣትም። ስለዚህ በእነዚህ ሦስት ወራት ሆቴል ውስጥ ሙሉ ሰዓት ትሠራለች።

በ2024 ጁላይ ሆቴሉ ሲቀጥራት፣ አዲስ ሠራተኛ የሚሞላውን ቅጽ ሰጣት። ቅጹ ላይ ከሦስት መግለጫዎች አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። የመጀመሪያው፣ ከኤፕሪል 6 ወዲህ ይህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ሁለተኛው፣ አሁን ያለኝ ይህ ሥራ ብቻ ነው፣ ነገር ግን ከኤፕሪል 6 ወዲህ ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ ሦስተኛው፣ ከዚህ ሥራ ሌላ ሥራ ወይም ጡረታ አለኝ የሚል ነው። ልጅቷ ሦስተኛውን መረጠች። ምርጫዋ ትክክል ነበር። የቡና መሸጫው ውል አልተቋረጠም፤ ሌላ ሥራ አላት። የሆቴሉ የደመወዝ ክፍልም ሦስተኛውን መግለጫ ለመረጠ ሰው ቢአር ኮድ እንዲሰጥ መመሪያው ያዛል። ማንም አልተሳሳተም፤ ሁሉም ሕጉ የሚለውን አደረገ፤ ውጤቱ ግን ደመወዝ የማይከፍላት ቦታ ጣሪያዋን ይዞ፣ ደመወዝ የሚከፍላት ቦታ ያለ ጣሪያ ቀረ።

በእኔ እምነት ከተማሪዎች ላይ ከሚቆረጠው ትርፍ ግብር ውስጥ ብዙው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው የተሳሳተ ኮድ ከስሕተት ይመጣል ብሎ ነው፤ ስለዚህ ቅጹን በትክክል የሞላ ተማሪ ኮዱን አይመረምርም። የዜሮ አወር ኮንትራት መስፋፋት ደግሞ "ሌላ ሥራ አለህ ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ከባድ አድርጎታል። ሥራው አለ፤ ደመወዙ የለም። ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ሥራው እንጂ ስለ ደመወዙ አይደለም።

የ2024/25 ሂሳብ

በ2024 ሰመር የነበረው አነስተኛ የሰዓት ክፍያ ዕድሜው 21 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሠራተኛ 11.44 ፓውንድ ነበር፤ ልጅቷ ከሰመሩ በፊት 21 ዓመት ሞልቷት ነበርና የተከፈላት በዚሁ መጠን ነው። በጁላይ 156 ሰዓት ሠርታ 1,784.64 ፓውንድ፣ በኦገስት 170 ሰዓት ሠርታ 1,944.80 ፓውንድ ተከፈላት። በሴፕቴምበር የሠራችው 63 ሰዓት ብቻ ቢሆንም ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ 47 ሰዓት ተጨምሮ 1,258.40 ፓውንድ ደረሳት። ድምሩ 4,987.84 ፓውንድ ነው። በቢአር ኮድ መሠረት በጁላይ 356.80፣ በኦገስት 389፣ በሴፕቴምበር 251.60፣ በጠቅላላው 997.40 ፓውንድ ግብር ተቆርጦባታል።

ከቡና መሸጫው በዚያው የግብር ዓመት ያገኘችው 5,280 ፓውንድ ነበር። የሁለቱ ድምር 10,267.84 ፓውንድ ይሆናል። ይህ ከ12,570 በታች ነው። በዓመቱ ልትከፍል የሚገባት የገቢ ግብር ዜሮ ነበር ማለት ነው፤ የተቆረጠው 997.40 ፓውንድ በሙሉ የእርሷ ነው።

ከዚያው ደመወዝ ላይ ለናሽናል ኢንሹራንስ የተቆረጠም አለ። በጁላይ 58.93፣ በኦገስት 71.74፣ በሴፕቴምበር 16.83፣ በድምሩ 147.50 ፓውንድ። ይህ ግን አይመለስም። ናሽናል ኢንሹራንስ እንደ ገቢ ግብሩ በዓመት አይሰላም፤ እያንዳንዱ የክፍያ ጊዜ ለብቻው ይታያል፤ በወር ከ1,048 ፓውንድ በላይ የተከፈለ ሠራተኛ ከዚያ በላይ ባለው ላይ በዚያ ዓመት 8 በመቶ ይከፍላል፤ በሚቀጥለው ወር ምንም ባያገኝም የከፈለው አይመለስለትም። በአጋጣሚ ይህ ክፍያ ከኢትዮጵያው የወር በወር አሠራር ጋር ይመሳሰላል፤ ለእናትየዋም ሁለቱን ለይታ እንድትረዳ የረዳት ይኸው ነው። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን ቅናሾች ደምረው "ይህን ያህል ተወሰደብኝ" ብለው ያመለክታሉ፤ የተመለሰላቸው ሲያንስባቸው ተበድለናል ይላሉ። ቅሬታቸው ከሕጉ ጋር እንጂ ከስሌቱ ጋር አይደለም።

ሌላው ደግሞ ተማሪ ግብር አይከፍልም የሚለው በየተማሪው አፍ ያለው አባባል ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከቤት ግብር፣ ማለትም ከካውንስል ታክስ፣ ነጻ ስለሚሆን አባባሉ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በገቢ ግብር በኩል ግን ተማሪ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው። በፊት በዕረፍት ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ተማሪዎች ግብር ሳይቆረጥባቸው እንዲከፈላቸው የሚያደርግ ፒ38ኤስ የሚባል ቅጽ ነበር፤ አሠሪዎች እያንዳንዱን የደመወዝ ክፍያ በተከፈለበት ጊዜ ለግብር ባለሥልጣኑ ማሳወቅ በጀመሩበት በ2013 ኤፕሪል ቅጹ ቀረ። ቅጹ ቢኖር ኖሮም ለዚህች ልጅ አይጠቅማትም ነበር፤ በትምህርት ወቅትም ትሠራ ነበርና።

ሳይታወቅ የቀረው ሁለተኛው ተመላሽ

የ2024/25ን ሂሳብ ስንጨርስ ከዚያ በፊት የት ሠርተሽ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። በ2023 ዲሴምበር፣ ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ ለገና ገበያ ብቻ ሠራተኛ በሚቀጥር አንድ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ወር ሠርታ ነበር። ያኔ 20 ዓመቷ ነበርና የሰዓት ክፍያዋ 7.49 ፓውንድ ነበር፤ ለ120 ሰዓት 898.80 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ተከፈላት። ሱቁ ሠራተኛ በብዛት በሚያስገባበት ጥድፊያ የአዲስ ሠራተኛውን ቅጽ ሳትሞላ ሥራ ጀመረች። ቅጹን ያልሞላ ሰው ደግሞ ምንም ከግብር ነጻ ጣሪያ በማይሰጠው፣ 0ቲ በሚባለው ኮድ ይመደባል። 179.60 ፓውንድ ተቆረጠባት።

ከሱቁ ስትወጣ የተሰጣትን ፒ45 አላስቀመጠችውም። ፔይስሊፑን ግን በስልኳ ላይ አገኘነው። በፌብሩዋሪ ቡና መሸጫው ሲቀጥራት "አሁን ያለኝ ይህ ሥራ ብቻ ነው፣ ሌላ ግን ነበረኝ" የሚለውን መርጣ ስለነበር የተሰጣት ኮድ እያንዳንዱን ወር ለብቻው የሚያይ ዓይነት ነበር፤ ያለፈውን ወር ቅናሽ አይነካም። ስለዚህ 179.60 ፓውንዱ በመንግሥት እጅ እንዳለ ቀረ። የዚያ ዓመት ገቢዋ በሙሉ ሲደመር ከጣሪያው እጅግ ያነሰ ነበር።

የግብር ተመላሽ መጠየቂያ ጊዜ የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ነው። ለ2023/24 እስከ 2028 ኤፕሪል 5፣ ለ2024/25 እስከ 2029 ኤፕሪል 5 ጊዜ ነበራት። ይህ ሰፊ ጊዜ ይመስላል፤ ነገር ግን ፔይስሊፕ ይጠፋል፣ የሱቁ የኢንተርኔት መግቢያ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ይዘጋል፣ ስልክ ይቀየራል። ለዚህ ነው ተማሪዎችን ፔይስሊፕ በደረሳችሁ ቁጥር አውርዳችሁ አስቀምጡ የምለው።

ደብዳቤው የት ደረሰ?

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ግብር ባለሥልጣኑ ሁሉንም ደመወዝ እየተነገረው ለምን ራሱ አልመለሰላትም ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ኤችኤምአርሲ የሚባለው፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ገቢ አገናዝቦ ትርፍ የከፈለ ካለ ከጁን ጀምሮ ፒ800 የሚባል የስሌት ደብዳቤ ይልካል። ድሮ በደብዳቤው ላይ ያልጠየቀ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቼክ በፖስታ ይደርሰው ነበር። ከ2024 ሜይ 31 ወዲህ ግን ቼኩ በራሱ አይመጣም፤ ባለጉዳዩ በኢንተርኔት ወይም በስልክ መጠየቅ አለበት።

ልጅቷ በመጀመሪያው ዓመት የኖረችው በዩኒቨርሲቲው ዶርም ነበር፤ በኤችኤምአርሲ ዘንድ ያለው አድራሻዋም ያ ነው። በሁለተኛው ዓመት ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች፤ በሦስተኛው ሌላ ቤት። አድራሻ መቀየሯን ለባንኳ፣ ለዩኒቨርሲቲዋና ለስልክ ድርጅቷ አሳውቃለች፤ ግብርን በተመለከተ አሠሪዬ ያውቀዋል ብላ ተወችው። የ2023/24 ደብዳቤ በ2024 ሰመር፣ የ2024/25ም በ2025 ሰመር እርሷ በሌለችበት ዶርም ደጃፍ ደርሰዋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። አሠራሩ ቼክን በራሱ የሚልክ ቢሆን ኖሮ ቼኩም ወደዚያው ይሄድ ነበርና ለውጡን አልኮንነውም። ሆኖም ከለውጡ በኋላ ደብዳቤው ያልደረሰው ሰው ገንዘብ እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ ራሱ በኢንተርኔት ያለውን የግብር ሂሳቡን ከፍቶ ማየት ብቻ ሆኗል፤ ይህ በየዓመቱ ቤት በሚቀይር ተማሪ ላይ የሚከብድ ሸክም ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪዎች በሚሰጡት ገለጻ ውስጥ ለዚህ አንድ ገጽ ቢመድቡ ጥቅሙ ብዙ ነበር።

አስመላሽ ነን የሚሉት

ልጅቷ ከእኔ ጋር ከመነጋገሯ በፊት በማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ላይ ያየችውን የአንድ አስመላሽ ድርጅት ቅጽ ግማሹን ሞልታ ነበር። የቅጹን ውል እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። የአገልግሎት ክፍያው ከሚመለሰው ገንዘብ 40 በመቶ ሲሆን በዚያ ላይ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፤ ይህም ከጠቅላላው 48 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ከ997.40 ፓውንድ ላይ 478.75 ፓውንድ ለድርጅቱ ሄዶ ለእርሷ የሚቀራት 518.65 ፓውንድ ይሆን ነበር። ድርጅቱ ገንዘቡ በእርሱ በኩል እንዲከፈል የሚያደርግ ውክልናም ይጠይቃል።

ሕጉ በዚህ ላይ የተወሰነ መከላከያ አበጅቷል። በፊት አንዳንድ ድርጅቶች ደንበኛው የተመላሹን መብት ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ የሚያስተላልፍበትን ውል ያስፈርሙ ነበር፤ ደንበኛው ኋላ ላይ ቢጸጸትም ውሉን ማፍረስ አይችልም ነበር። ከ2023 ማርች 15 ጀምሮ የተፈረመ እንዲህ ያለ የመብት ማስተላለፊያ ሕጋዊ ውጤት የለውም። ገንዘቡ በሌላ ሰው በኩል ይከፈለኝ ብሎ መወከል ግን እስካሁን ይፈቀዳል፤ ውክልናው ሊሻር የሚችል መሆኑ ነው ልዩነቱ። ድርጅቱ ሕገ ወጥ ነገር ሠርቷል አልልም። የሚሠራው ሥራ ግን ልጅቷ በስልኳ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በነጻ የምትሠራው ነው፤ ለዚያ 478 ፓውንድ መክፈል፣ በአነስተኛ የሰዓት ክፍያ ለሚተዳደር ተማሪ፣ ወደ 40 ሰዓት ገደማ አልጋ ማንጠፍ ማለት ነው። ይህን ስነግራት ቅጹን ሳትጨርስ ዘጋችው።

ከዚህ የባሰው ተመላሽ አለዎት የሚል በስልክ የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ነው። ኤችኤምአርሲ ተመላሽ እንዳለ በጽሑፍ መልእክት አሳውቆ ሊንክ በመላክ የባንክ ዝርዝር አይጠይቅም። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው ሳይከፍተው ያጥፋው።

ጥያቄው የቀረበበት መንገድ

ጓደኞቿ ፒ50 በሚባለው ቅጽ እንድታመለክት መክረዋት ነበር። ያ ቅጽ ሥራ አቁሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ለቆየና በዚያው የግብር ዓመት ወደ ሥራ ለማይመለስ ሰው የተዘጋጀ ነው። እርሷ ቡና መሸጫው ውስጥ ትሠራለችና አይመለከታትም፤ ሞልታ ብትልከው ተቀባይነት አያገኝም ነበር። የእርሷ መንገድ በኤችኤምአርሲ የግል የግብር ሂሳብ በኩል ነው።

ሂሳቡን ለመክፈት ማንነቷን በፓስፖርቷና በቅርብ ጊዜ ፔይስሊፕ አረጋገጠች። ከፒ60 የሚጠየቅም አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ግራ ተጋብታ ነበር። ከቡና መሸጫው የ2024/25 ፒ60 አላት፤ ከሆቴሉ ግን የላትም። ፒ60 የሚሰጠው ኤፕሪል 5 ቀን በሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ አሠሪው እስከ ሜይ 31 መስጠት አለበት። ከዚያ በፊት ከሥራ የወጣ ሰው ማስረጃው ፒ45 ነው። ከሆቴሉ የተሰጣት ፒ45 ኮዷን፣ እስከ ወጣችበት ቀን የተከፈላትንና የተቆረጠባትን በአንድ ገጽ ይዟል።

ሂሳቡ ሲከፈት በሁለቱም ዓመታት ትርፍ መክፈሏ ተጽፎ ነበር፦ ለ2023/24 179.60፣ ለ2024/25 997.40 ፓውንድ። እኔ ከማስረጃዎቿ ያሰላሁትና እዚያ የተጻፈው አንድ ሳንቲም አልተለያየም። በመጀመሪያ አድራሻዋን አስተካከለች፤ ከዚያ የባንክ ሂሳብ ቁጥሯን አስገብታ ሁለቱንም ጠየቀች። "ጋሼ፣ ምክንያት አይጠይቁኝም እንዴ?" አለችኝ። አይጠይቁም። ሥርዓቱ የሚያየው ገቢውንና ቅናሹን ብቻ ነው። በኢንተርኔት የተጠየቀ ገንዘብ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ባንክ ይገባል ይላል መመሪያው፤ የእርሷም በሳምንቱ ውስጥ ገባ። በጠቅላላው 1,177 ፓውንድ።

በ2025 በሥራ ላይ እያለች

ያለፈው ሲመለስ የ2025ቱ ጉዳይ ገና አልተነካም ነበር። ሆቴሉ እንደገና በቢአር ኮድ ይቆርጥባታል። ዓመቱ እስኪያልቅ ጠብቃ ብትጠይቅ ገንዘቡ እስከ 2026 ሰመር ድረስ በሌላ ሰው እጅ ይቆያል፤ የቤት ኪራይ መያዣ የምትከፍለው ግን ሴፕቴምበር ላይ ነው። ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ተመላሽ ብዙ ይነገራል፣ ስለ ኮዱ ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚነገረው፤ ኮዱ በጊዜ ከተስተካከለ ግን የሚመለስ ገንዘብ ያን ያህል አይኖርም።

በ2024 ምን ማድረግ ይቻል እንደነበር አስቀድሜ አሰላሁ። አንደኛው መንገድ በጁን መጨረሻ ከቡና መሸጫው በሕጋዊ መንገድ ወጥታ፣ ፒ45ቷን ለሆቴሉ ሰጥታ፣ በሴፕቴምበር የሆቴሉን ፒ45 ይዛ ወደ ቡና መሸጫው መመለስ ነበር። ከአሠሪ ወደ አሠሪ የሚተላለፈው ፒ45 ከኤፕሪል ጀምሮ የተከፈላትን ይዞ ስለሚሄድ ጣሪያዋም አብሯት ይሄዳል። እንዲህ ብታደርግ በኦገስትና በሴፕቴምበር የሚቆረጥባት ከ100 ፓውንድ ያነሰ ነበር፤ ያም ኖቬምበር ከማለቁ በፊት በቡና መሸጫው ፔይስሊፕ ተመልሶ ይገባላት ነበር። ጉዳቱ ውሉ መቋረጡ ነው፤ አለቃው እንደገና ባይቀጥራትስ? ለዚህ ዋስትና የሌላት ልጅ ይህን መንገድ እንድትመርጥ አልገፋፋትም።

ሁለተኛው መንገድ ለኤችኤምአርሲ የሁለቱንም ሥራ የዓመት ግምት አሳውቆ ጣሪያው ለሁለት እንዲከፈል መጠየቅ ነው። ይህ በ2024 ቢደረግ ኖሮ ከሆቴሉ የሚቆረጠው ከ997 ወደ 390 ፓውንድ ገደማ ዝቅ ይል ነበር። ሙሉ በሙሉ ያልጠፋበት ምክንያት ጣሪያው በየወሩ እየተጠራቀመ የሚሰጥ በመሆኑ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ብዙ የሚያገኝ ሰው የዓመቱን ድርሻ አስቀድሞ አይሰጠውም።

ልጅቷ ሁለተኛውን መረጠች። በኦገስት መጀመሪያ በዚያው የግል ሂሳቧ ላይ፣ የየሥራውን የዓመት ገቢ ግምት በምታስተካክልበት ገጽ፣ ቡና መሸጫው ወደ 5,700፣ ሆቴሉ ወደ 5,300 ፓውንድ እንደሚከፍላት አስገባች፤ ከዚያም ደውላ ጣሪያው ለሁለት እንዲከፈል ጠየቀች። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ጥያቄውን ወዲያው ተረድታ፣ ለሆቴሉ 650ኤል፣ ለቡና መሸጫው 607ኤል ኮድ እንደሚላክ ነገረቻት። የሁለቱ ድምር 1257፣ ማለትም የሙሉው ጣሪያ ኮድ ቁጥር ነው።

የኦገስት ፔይስሊፕ ሲወጣ እንደገና ፎቶ ላከችልኝ። በወሩ 160 ሰዓት ሠርታ 1,953.60 ፓውንድ ተከፍሏታል። በቢአር ኮድ ቢሆን ወደ 390 ፓውንድ ይቆረጥ ነበር። አዲሱ ኮድ ግን ከኤፕሪል ጀምሮ የተጠራቀመውን ድርሻ ስለሰጣት ለጁላይና ለኦገስት በአንድነት የሚገባት ግብር 214.60 ፓውንድ ብቻ ሆነ፤ በጁላይ 366.20 ተቆርጦባት ስለነበር 151.60 ፓውንድ በዚያው ደመወዝ ላይ ተጨምሮ ተመለሰላት። በግብር መስመሩ ላይ ከአሃዙ ፊት የመቀነስ ምልክት አለ፤ ስሕተት መስሏት ደነገጠች እንጂ ምልክቱ የሚያሳየው ገንዘቡ ወደ እርሷ መምጣቱን ነው።

በዓመቱ ውስጥ ከሆቴሉ የሚቀረው ቅናሽ ከ2026 ጁን ጀምሮ በሂሳቧ ላይ ይታያል። አድራሻዋ ተስተካክሏል፤ የሴፕቴምበር ፔይስሊፕና ፒ45 ሲደርሷት እንድታስቀምጣቸውም ተስማምተናል።